የአርባ አንድ ገጽ እህት

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክ ሰነዶች አቀራረብ መርማሪ ክፍል ኃላፊ፣
ለክብሩ ስል ስሙን ለማልጠራው መሥሪያ ቤት፣
ባሉበት፤ ካሉ።

ክቡር ወይም ክብርት ሆይ፣

የሚልኩልኝ መልስ ሁሉ «ይህ መልእክት በራሱ የተላከ ስለሆነ አይመልሱለት» ብሎ ስለሚያበቃ ወንድ ይሁኑ ሴት ለማወቅ አልታደልኩም፤ ደግነቱ ቋንቋችን «እርስዎ» ብሎ ሁለቱንም እኩል ስለሚያከብር በዚሁ እቀጥላለሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ መመሪያዎ ረጅም ይሁንልዎ፤ ወገብዎን አይመምዎ፤ ወንበርዎም ይጽና። እኛ እዚህ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። እናቴ እማማ ካሳነሽ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ልቧ ሁሉን ያያል፤ እርሷም ሰላም በሏቸው ብላለች።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በእርስዎ በኩል ያለው በር ሁሉ መልስ ስለማይቀበል ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደጃዝማችነት አልፈልግም፤ የምፈልገው እህቴን ነው።

ስሜ አያልነህ ይባላል። በከተማችን የኢንዱስትሪ ሰፈር በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የሰው መጽሐፍ ስቆርጥና ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ገጽ፣ ስለ ህዳግና ስለ ርእስ አሰላለፍ ሲያስተምሩኝ እንደ ጀማሪ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ የሰማሁት እውቀት አጥሮኝ ሳይሆን ለሥልጣንዎ ካለኝ አክብሮት መሆኑን እንዲያውቁልኝ እሻለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። በ1976 ዓ.ም. ከወገራ ተነሥተን በእግራችን ወደ ሱዳን ስንወርድ ታላቅ እህቴ ንግሥቲ የአሥራ አንድ ቀን አራስ ነበረችና መንገዱን አትችለውም ተብላ ቀረች። እናቴ ሕፃኑ ሲጠናልሽ ትከተይናለሽ ብላት ሄደች። ያ ሕፃን ዛሬ ሽበት አብቅሏል፤ ንግሥቲ ጎንደር ሆና አሁንም ትጠብቃለች። የእናቴም ልመና አንድ ብቻ ነው፤ ከመሞቷ በፊት ያችን ልጇን በዓይኗ እንኳ ባታያት በእጇ መዳሰስ። ንግሥቲ ወደ እኛ ወደ እስራኤል እንድትገባ ይህን ነገር ለመሥሪያ ቤትዎ ለማስረዳት፣ በመመሪያዎ መሠረት፣ አርባ አንድ ገጽ ያስፈልጋል። አዘጋጀሁ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን አምስት ጊዜ አዘጋጀሁ። ከዚህ በታች የሚያነቡት እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ እንዳይምታታብዎም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጠንቃቃነትዎ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ሰነድ ታሃና መርካዚት ከሚባለው ዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ፣ ገበያው በር ላይ፣ የስልክ ሽፋን እየሸጠ ወረቀትም ስካን የሚያደርግ ሻሎም የሚባል ሰው ዘንድ ወስጄ በጥንቃቄ አስነሥቼ ላክሁልዎ። እርስዎም «ገጽ 7 በሁለት ዲግሪ አጋድሏል» ብለው መለሱልኝ። ወረቀት ሲያቃና የኖረ ሰው እንዲህ ሲባል ያፍራል፤ እኔም አፈርኩ። ማስመሪያ አውጥቼ ስለካው ገጹ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። ያጋደለችው በገጹ ላይ ባለው ፎቶ የቆመችው ንግሥቲ ናት፤ ዳሌዋን ስለሚያማት በምርኩዟ ዘንበል ብላለች። እርሷን ለማቃናት ሐኪም እንጂ የሻሎም ማሽን እንደማይበቃ በትሕትና ለመግለጽ ሞክሬ ነበር፤ የማብራሪያው ሳጥን ግን ከሠላሳ ፊደል በላይ አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕና ወዳድነትዎ። በእኛ ዘንድ ዝምድና የሚረጋገጠው በሽማግሌ አፍ ነው፤ ሰው ሊጋባ ሲል እንኳ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ነው የሚፈቅደው። ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት ደረጃውን እያረፉ ወጥተው፣ አባባ ጎበዜ መሪ ሆነው፣ የንግሥቲን ትውልድ እስከ ሰባት ቆጠሩ፤ እኔ ጻፍኩ፤ እርሳቸውም ፊደል ስላልቆጠሩ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። የእርስዎ መልስ «ገጽ 12 ላይ እድፍ ይታያል፤ ንጹሕ ቅጂ ይላኩ» የሚል ነበር። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሌላ አሻራ ላስደርግ ሄድኩ፤ ነገር ግን አባባ ጎበዜ መልስዎ በደረሰኝ ሳምንት ተቀበሩ። አሁን ከእርሳቸው ምስክርነት በእጃችን የቀረው ያ እድፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና ጥፋትም አለበት፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። የትውልድ ሐረጉን በሠንጠረዥ አቅርብ አሉኝ፤ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል የቤተሰብ ስም። እኛ በአገራችን በአባታችን ስም እንጠራለን እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አናውቅም፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሻሙኤል ከአንድ አውሮፕላን ወርደን፣ በአንድ ወረፋ ቆመን፣ ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ተሰጥቶን ነው የወጣነው። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሳለ እናቴ ሟቾቹን አንድ በአንድ እየጠራች ታስጽፈኝ ነበር። የሞተ ሰው ስም እንዲያው ብቻውን ተጽፎ ሲቀር አትወድም፤ ነውር ነው ትላለች፤ እኔም እርሷን ደስ ይበላት ብዬ በየስሙ ፊት ለፊት በባዶው ዓምድ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም በጥልቀት ከመረመሩ በኋላ «የተጠቀሱት ሰባት ሰዎች አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ሲኖራቸው የአመልካቿ ስም ይለያል፤ ዝምድናው አጠራጣሪ ነው» ብለው ጻፉልኝ። እውነትዎን ነው። ንግሥቲን ከዘመዶቿ የለያት በሕይወት መኖሯ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ትጋትዎ። እዚህ ላይ ግን ይቅርታዎን እየለመንኩ ጥቂት እጠረጥራለሁ። አራተኛውን ሰነድ የላክሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ ነበር። እኛ ሰንበት ከገባ ስልክ አንነካም፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ ስከፍተው የእምቢታ መልስዎ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደርሶ ተቀምጧል። በሌላው ቀን ስልክ ስደውል ሰው የማይገኝበት መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ተከፍቶ የእህቴን አርባ አንድ ገጽ ሲያነብ ዋለ ማለት ነው! ስለ እኔ ብሎ ሰንበት የሻረ ሰው ካለ ኃጢአቱ በቤቴ ላይ እንዳይቆጠር ስሙን ይንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቀው። ሰው ካልሆነም ይንገሩኝ። ከዚያ ወዲህ የቆዩትን መልሶች አውጥቼ ባያቸው ሁሉም የተላኩት ሰዓቱ ሞልቶ ልክ ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ነው፤ አንዱም አንድ ደቂቃ አልቀደመም፣ አልዘገየም። መልሶቹ ሁሉ «ኮሚቴው መረመረ» ይላሉ፤ እኔ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ኮሚቴ አይቼ አላውቅም፤ ሻይ የሚጠጣ የለውም፣ የሚያስነጥሰው የለውም። ባለቤቴ ዲና ነገር ታበዛለህ ትለኛለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኳት።

ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ተስፋ የቆረጠ ይመስልዎት ይሆናል። አልቆረጥኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ለአምስተኛ ጊዜ ስዘጋጅ፣ ስሕተት እንዳይኖርብኝ፣ እርስዎ ለአርአያ ያስቀመጡትን የናሙና ቅጽ ከእኔው ጎን ከፍቼ ህዳጉን ከህዳጉ፣ ርእሱን ከርእሱ አስተያየሁ። ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አይለዩም ነበር፤ በሥራዬም ኮራሁ። ላክሁ። ሃያ ደቂቃው ሲደርስ መልሱ መጣ፦ «ሰነድዎ በመመሪያው መሠረት በሚገባ ተዘጋጅቷል። በኮሚቴው በጥልቀት ተመርምሮ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አልፏል። እናመሰግናለን።»

ክቡር ወይም ክብርት ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ቤታችን ውስጥ የሆነውን ባዩልኝ። እናቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ እልል አለች። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ወንድሜ ሻሙኤል ከሥራ ቦታው ደውሎ አለቀሰ። ለንግሥቲም ጎንደር ስልክ ተመትቶ ምሥራቹ ተነገራት፤ ልጇ ለጎረቤት ሁሉ እንዳወራ ሰማን። እኔ ደግሞ አብሮ የመጣውን የምስክር ወረቀት አትሜ በመስታወት ላደርገው ከፈትኩት።

በአመልካች ስም ቦታ ላይ «እዚህ ስም ይጻፉ» ይላል። በትውልድ ዘመን ቦታ «ቀን፣ ወር፣ ዓመት»። በዝምድና ማስረጃ ቦታ «ይዘቱን እዚህ ያስገቡ»። የላክሁት የእርስዎን ናሙና ኖሯል። ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ተከፍተው ሳለ የተሳሳተውን መርጫለሁ፤ እጄ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ነገር ግን አምስት ጊዜ ከላክሁት ውስጥ በጥልቀት ተመርምሮ እንከን ያልተገኘበት ያ አንዱ፣ ምንም ያልተጻፈበት ብቻ ነው። በእርግጥም ያ አመልካች ዳሌውን አያመውም፣ እድፍ የለበትም፣ የሞተበት ሰው የለም።

ስሕተቴን ለማረም በዚያው ቀን ጻፍኩ። «የጸደቀ ሰነድ አይተካም» ተባልኩ። እንግዲያው ለንግሥቲ አዲስ መዝገብ ይከፈት አልኩ። «በአንድ የጉዳይ ቁጥር ሁለት አመልካች አይስተናገድም» ተባልኩ። ስለዚህ የእህቴ ቁጥር በሕግ ስም በሌለው ሰው ተይዟል፤ እርሷም አሁን ከወረፋው ውጪ ናት።

ለእናቴ መንገር ነበረብኝ፤ ለሁለት ቀን ሸሸሁ፤ በሦስተኛው ነገርኳት። ያለፈችው ንግሥቲ አይደለችም፣ ስም የሌለው ሌላ ነው አልኳት። ሰው እንዳልሆነ፣ ባዶ ወረቀት እንደሆነ ላስረዳት ስጀምር እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«እናቱ በሕይወት አለች?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«እንግዲያውስ ቶሎ ይምጣላት። አንዳችን እንኳ ልጃችንን እንይ።»

ማስረዳቱን ተውኩት። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ንግሥቲ ስትደውል ግን ድምጿን አስተካክላ፣ ነገሩ ትንሽ ይቀረዋል ልጄ፣ አለቻት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ የእህቴን ቁጥር ይመልሱላት፤ አርባ አንዱን ገጽም ከነማጋደሉ፣ ከነእድፉ፣ ከነነፍስ ይማሩ አንድ ሰው በዓይኑ ያንብበው። አንብቦ አይሆንም ቢል እንኳ እቀበለዋለሁ፤ የሰው እምቢታ ነውና።

ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ብድርዎን የሚመልስ ፈጣሪ ነው፤ እኔማ አልችልም። መመሪያዎን በብርሃንም በመነጽርም ያነበብኩ፣ ህዳጌን በትእዛዝዎ የጠበቅሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ክብር ስል ሰው መሆንዎን እስከ ዛሬ ሳልጠራጠር ለመቆየት የታገልኩ፣ ታዛዥዎና ደጅ ጠኚዎ፣

አያልነህ፣ የንግሥቲ ወንድም
ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ዳሌት

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ «እዚህ ስም ይጻፉ» ለተባሉት አመልካች የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ደርሶኛል፤ በመጪው ወር ማክሰኞ ጠዋት፣ ከኮሚቴው ፊት። እርሳቸው መቅረባቸውን እጠራጠራለሁና በቦታቸው እናቴን ይዤ እመጣለሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ ሰው ከሌለ ግን ከወዲሁ ያሳውቁን፤ ሦስት ፎቅ በከንቱ ተሸክመን አናውርዳት።