የተዘለለው አንቀጽ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ የሺአረግ ገብረወልድ፤ ሜልቦርን።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አስቸገረኝ ብለሽኝ ስለነበር ከሐሳቤ አልወጣሽም። ልጅሽ አብኔዘር ፈተናውን ጨረሰ? እዚያ ብርዱ ሊጀምር ነው መሰለኝ፤ ወገብሽን ሸፈን አድርጊ። እኔ፣ ባለቤቴ ምንትዋብና ልጃችን ሰብሊ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ግን ደህና አይደሉም። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

በጥር ሐኪሙ ውጤቱን ሲነግረኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለአንቺ ነበር። የጉበት ካንሰር መሆኑን፣ ለቀዶ ጥገና ጊዜው ማለፉን፣ የቀራቸው ወራት እንጂ ዓመታት አለመሆኑን ሰማሽ። «ለአባባ እንዳትነግር፤ ከሰሙ በሳምንቱ ይወድቃሉ» ብለሽ አስማልሽኝ። ማልኩልሽ። ለእሳቸው ጨጓራ ነው አልናቸው። ያንን መሐላ አፍርሻለሁ። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ከዚያ አንቺ ፍረጂ።

ከጋዜጣው ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኦሎምፒያ አካባቢ ላለ አንድ አሳታሚ የእርማት ሥራ እሠራለሁ። በየካቲት ካሊድ የሚባል ወጣት መምህር ያዘጋጀው የምዕራባውያን ፍልስፍና መግቢያ ደረሰኝ። አባባ አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀሙ ሲደረድሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ከአልጋ ተነስተው ቢቀመጡ ብዬ በድሮው መንገድ ሁለት ሆነን እናርመው አልኳቸው። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ከዋናው ጽሑፍ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ለኅትመት የተዘጋጀውን ወረቀት በእርሳስ እየጠቆመ ይከታተላል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትደርስ እኔ አነብባለሁ፣ እሳቸው ይከታተላሉ።

መጀመሪያ የመጣው ታሌስ ነው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ከሚበልጥ ዓመት በፊት በግሪኮቹ ሚሊጢን ከተማ የኖረ ሰው ሲሆን፣ የሁሉ ነገር መነሻ ውሃ ነው ብሎ ነበር። አባባ እርሳሳቸውን አስቀመጡና «ይሄ ሰውዬ አያት ኮንዶሚኒየም ኖሮ ቢያየው እንዲህ አይልም ነበር» አሉ። ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀናችን ነበር። ምንትዋብ ከማድ ቤት ስትስቅ ተሰማን። ተማሪው አናክሲማንደር ተነስቶ፣ የለም፣ መነሻው ወሰን የሌለው ነገር ነው ብሎ መምህሩን መቃወሙን ሳነብ ግን እርሳሳቸውን መልሰው አነሱ። «ለካ ዋናው መልሱ አይደለም። ምክንያትህን አምጣ መባባሉ ነው» አሉ። ካሊድ ሦስት ገጽ የፈጀበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ቀጥሎ የፍልስፍና ዘርፎች መጡ። ሜታፊዚክስ ያለው ነገር ሁሉ በመሠረቱ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሎጂክ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላው የተሻገርነው በትክክል መሆኑን ይመረምራል። ሥነ ምግባር እንዴት እንኑር ይላል። ኤፒስቴሞሎጂ ደግሞ ማወቃችንን በምን እናውቃለን የሚለው ነው። እዚህ ላይ፣ ሰው ከልቡ ያመነው ነገር እውነት ካልሆነ እውቀት አይባልም የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አባባ ቀና ብለው አዩኝና «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ድምፄ መለወጡ ለራሴም ታወቀኝ። እሳቸው ጨጓራ ነው ብለው ያምናሉ፤ ያሳመንኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሶቅራጥስ ላይ ደረስን። ምንም ሳይጽፍ፣ በአቴና አደባባይ ያገኘውን ሁሉ ይህን በምን አወቅህ እያለ ሲያደክም የኖረ ሰው ነው። ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋን አማልክት አያከብርም ተብሎ ሞት ተፈረደበት። የሚቀጥለው አንቀጽ ወዳጆቹ ሊያስመልጡት መሰናዳታቸውን፣ እሱ እምቢ ማለቱን፣ የመጨረሻ ቀኑንም ስለ ሞት በእርጋታ ሲነጋገር መዋሉን ይተርካል። ዓይኔ ቀድሞ አየው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዘልዬው አለፍኩ።

በሠላሳ አንድ ዓመት የእርማት ሥራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። አንባቢው ከዘለለ እርማት የሚባል ነገር የለም። አባባ እርሳሳቸውን መስመሩ ላይ እንዳቆሙ «አንድ አንቀጽ ዘለልክ» አሉ። ዓይኔ ደክሞ ነው አልኩ። «ዓይንህማ ደህና ነው። የዘለልከው ሰውዬው እንደሚሞት እያወቀ የተነጋገረበትን ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሽፌ፣ የእኔስ ስንት ወር ነው?» አሉኝ።

እትዬ፣ ነገርኳቸው።

አልወደቁም። እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ፤ አንስቼ ሰጠኋቸው።  ከዚያ «ጠርጥሬ ነበር። የሚያናግረኝ ሰው ግን አጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ እናንተ መሐል ተቀምጬ ብቻዬን ነበርኩ» አሉ። እኔን የሰበረኝ ይህ ነው። ቀጥለው «በል፣ የተዘለለውን አንብብ» አሉኝ። እስከ አራት ነጥቡ አነበብኩት። ሁለት የፊደል ስህተት አገኙበት።

አንቺን አልወቅስም፤ ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ለእናታችንም እንዲሁ አድርገን ነበር፤ እሷ ግን ሳትጠይቀን ሄደች። ዛሬም ትክክል አድርጌያለሁ ብዬ አልምልልሽም፤ መማል ትቻለሁ። አባባ በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው ለብቻቸው ተነጋገሩ። የሚቀበሩት ከእናታችን አጠገብ መሆኑንም ነገሩኝ። የሚበሉት ያው ጥቂት ነው፤ ጨዋታቸው ግን ተመልሷል።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ሁለታችንም ቶሎ ወደ ሰላምታ ስለምንሸሽ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ልጇን ልትጠይቅ ወደዚያ የምትሄደው ጎረቤታችን ወይዘሮ ብርኽቲ ናት። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከጎንሽ እንድትቀመጥ ለምኛታለሁ። ለአባባም ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ፤ እርሳሳቸውን ይዘው ተከታትለዋል። መግቢያው ላይ እንደ ልማዴ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር። እሱን ሰረዙት። ሌላ ምንም አልነኩም።

ምንትዋብ ጉልበትሽን ስማ ሰላም ትልሻለች፤ ከመጣሽ የሰብሊን ክፍል እንለቅልሻለን ብላለች። ሰብሊ አክስቴን ናፍቄያለሁ ትላለች። አብኔዘርን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አያቱ ስሙን በየቀኑ ያነሳሉ። አባባ ደግሞ ለለቅሶ ብላ እንዳትመጣ፣ ጨዋታዋን የምሰማበት ጆሮ ሳለኝ ትምጣ ብለዋል። ከዚያም ከታች ያለችውን መስመር በራሳቸው ቃል አስጻፉኝ። መጨረሻዋ ላይ አራት ነጥብ ላደርግ ስል እጄን ያዙና «ነጠላ ሰረዝ አድርግላት፤ የቀረውን ስትመጣ እነግራታለሁ» አሉ።

የሺ፣ ለፋሲካ ድረሺልኝ፣

ወንድምሽ ሽፈራው ገብረወልድ
አያት፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.