መኪና አለን ብለን ከቃሬዛው ወጣን

ይድረስ ለልጄ ለቢያድግልኝ፣

እመብርሃን በሰው አገር ትጠብቅህ። መመረቄን አልተውኩም፤ ግን ተቀይሜሃለሁ።

አባትህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል በወጣ ማግስት ደውለህ፣ ገና ከሰላምታው «መኪናዋ እንዴት ናት?» አልከኝ። እሺ፣ ስለ መኪናህ ልንገርህ። ከአዲስ አበባ በደላላ ያስገዛሃት ያች ያገለገለች የሀብታም መኪና በአየር ነው አሉ የምትቆመው። አባትህን ሆዱን ቆርጦት ወደ ማርቆስ ስንወስደው፣ ከሮብ ገበያ ሳንርቅ አየሯ ወጣና ሆዷ መንገዱ ላይ ተኛ።

«መኪና እያላችሁ በሽተኛ በቃሬዛ መሸከም ምንድን ነው?» ብለህ ከቃሬዛ ማኅበሩ ያስወጣኸን አንተ ነህ። አባትህም ሰማህ። ያን ዕለት ታዲያ ማን ደረሰልን? እነዚያው የማኅበሩ ሰዎች! በዚያ ጭቃ እየተፈራረቁ ተሸክመው ሚኒባስ ላይ አሳፈሩት። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መካኒኩ አየሩን የሚይዙት አሞርዛተሮቿ በሙሉ ይቀየሩ፣ ካምቢዮዋም ዘይት ታፈሳለች ይላል። የአንዱ አሞርዛተር ዋጋ ብቻ ጥንድ በሬ ያስገዛል። ብር ልላክ እንዳትለኝ! ዶሮዎቼ አድረውባታል፤ እነሱ እንኳ ተጠቅመውባታል።

ማኅበሩ መልሶ ተቀብሎናል። አባትህ ግን ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪም ከልክሎታል።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ለፋሲካ ና። ቃሬዛው ሲወጣ በአባትህ ቦታ ትከሻህን ታስገባለህ።

እናትህ ደስታነሽ