የሲኞራ ኮረብታና ንፋሱ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1979

ዛሬም እናትና ልጅ ምሳ ላይ ተጨቃጨቁ። ፓስታው ድርቅ እስኪል! እዚህ ጣሊያን አገር ቤታቸው የምሠራላቸው ሲኞራ ገጠር ውስጥ የወይራ ማሳና አንድ ኮረብታ አላቸው። አንድ ድርጅት ደግሞ ኮረብታው ላይ ከንፋስ መብራት የሚያወጣ ማማ ልትከል ብሏል። ኮሚኒስቱ ልጃቸው ማርኮ "ንፋስ የሕዝብ ነው!" ይላል። እሳቸው "ኮረብታው የኔ ነው!"

ምስክሯ እኔ ነኝ። እሱ "አገርሽ መሬቱን ለአራሹ ሰጥቷል፣ ንገሪያት!" እሳቸው "ደርግ የአባትሽን መሬት እንዴት እንደወሰደ ንገሪው!" ሰላጣውን አስቀምጬ ወጣሁ። የአባቴ መሬት የነሱ ማጣፈጫ አይደለም።

ማክሰኞ

ባሰ። ሲኞራ "እዚያው ሄጄ ኮረብታዬን እጠብቃለሁ፤ አንቺም ትመጪያለሽ" አሉ። ወይ ጣጣ! ቤተ ክርስቲያን የለ፣ አበሻ የለ። እምቢ እንዳልል ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተያያዘው ከሳቸው ሥራ ጋር ነው። የሐሙስ እረፍቴን ከበግ ጋር ላሳልፍ ነው?

ሐሙስ

ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጋሽ ኃይሉን አገኘኋቸው። እዚህ ያለን አበሾች ስንጣላ የሚያስታርቁን እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"አሎራ፣ እንግዲያው ሽማግሌ ይግባ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጣሊያኖች እኮ ናቸው!"

"ቢሆኑስ? እናትና ልጅ አይደሉም?"

እሺ አልኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ።

እሑድ

ጉድ ፈላ! ጋሽ ኃይሉ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ሲኞራ "ተቀመጡ" ሲሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ተደርድረው ቆሙ። ሲኞራ ድርጅቱ የላካቸው መስሏቸው "ማማ አልፈልግም!" እያሉ ጮኹ። ማርኮ በሳቅ ሞተ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ኃይሉ ግን ረጋ ብለው "እርስዎን ያስቀየመዎ ምኑ ነው?" አሏቸው።

ሲኞራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ፣ "የድርጅቱ ሰዎች ኮረብታዬን የለኩት ልጄን አነጋግረው ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።"

 አባቴንም ማንም አልጠየቀውም።

ማርኮ ሳቁን አቆመ። ጋሽ ኃይሉ "ተነስ፣ እናትህን ይቅርታ ጠይቅ" አሉት። ጠየቀ! ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ማክሰኞ

የድርጅቱ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ሲኞራን ለመኑ። "አስብበታለሁ" አሏቸው፤ እሺም የለ፣ እምቢም የለ። ማርኮ ሊፈነዳ ነው።

ፈራ ተባ እያልኩ "የት ሆነው ነው የሚያስቡት? ገጠር?" አልኳቸው።

"እዚሁ ነዋ! እዚያማ ንፋሱ መች ያስቀምጣል?"

ኩሽና ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።