የመንኮራኩሩ አዛዥ የሐሰት ጾም

ሰኞ፣ ኖቬምበር 9፣ 2009

ሊዲያ ዛሬ የራሴን መጽሐፍ አዋሰችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄን ሪድ ካላደረግክ! በሳቅ ነው የምትሞተው" አለችኝ። ሞትኩ። በሳቅ ግን አይደለም።

ደራሲው እኔ መሆኔን አታውቅም። በቴሌቪዥን ከሚታይ የጠፈር መንኮራኩር ድራማ ተነስቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ የተዋናዩ አገጭ፣ ከሥሩ አሳታሚው የሰጠኝ የፈረንጅ ስም። ሰዎቹም መንኮራኩሩም የድራማው ባለቤቶች ንብረት ናቸው። ከእኔ የተፈለገው አንድ የባልና ሚስት ጠብ ብቻ ነበር።

ጠቡን ከየት እንዳመጣሁት መጻፍ አልፈልግም። ነገ።

ማክሰኞ

ከሊዲያ ቤት ነው ያመጣሁት።

አምና እናቷ እትዬ ብርቅነሽና አባቷ ጋሽ ሞላ ተጣልተው ሦስት ሆነን አስታርቀናል። እኔ ለሽምግልና የታጨሁት በብስለቴ ሳይሆን ሰፈራቸው ስካርቦሮ የሚያደርስ መኪና ስላለኝ ነው። ጋሽ ሞላ የሚስታቸውን ወጥ ሽሽት "ጾመኛ ሆኛለሁ" እያሉ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ምግብ ቤት ውስጥ ጥብስ ሲበሉ ተይዘዋል። ይባስ ብሎ እትዬ ቀድመው ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ "ባሌ ሊመንን ነው" ብለው አውርተዋል። አስታረቅን። አንዲት ቃል ከዚያ ቤት እንዳትወጣ ተማማልን።

ቃሏ ወጣች። ከምድርም አልፋ ወጣች።

መቼም ሐበሻ የመንኮራኩር መጽሐፍ አያነብም ብዬ ነው። እዚህ ፈረንጅ አገር የተወለዱትን ልጆች ረሳኋቸው። ወጡን አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አደረግኩት። ጾሙን "ሁለተኛዋ ጨረቃ እስክትወጣ" አልኩት። ጋሽ ሞላ በእንባ የተናገሩትን "ሆዴ እንጂ ልቤ አልከዳሽም" ግን እንዳለ ተርጉሜ በባልየው፣ በመንኮራኩሩ አዛዥ፣ አፍ ውስጥ ከተትኩት። ጥሩ አረፍተ ነገር ነበራ! ሌባ ሁልጊዜ ምርጡን ዕቃ ነው የሚያነሳው።

ሐሙስ

ሊዲያ ያንን አረፍተ ነገር እራት ላይ ለእናቷ በአማርኛ ነግራቸዋለች። እትዬ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት አሉ።

ምስጢር ያወጣውም ወዲያው ተገኘ፦ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ ጋሽ ዘለቀ። ማስረጃ? ልጃቸው ፊልም ተምሯል።

ዛሬ ጋሽ ዘለቀ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ብርቅነሽ ሰላምታ ነሳችኝ። ፓርክዴል ሰፈር ያሉ ባልና ሚስትም አስታርቀን ብለው ጠርተውኝ ሲያበቁ 'ይቅር ጋሼ፣ አይልፉ' አሉኝ። ምን አጥፍቼ ነው?"

እኔ ምን አልኩ? "መነጽራቸውን ረስተው ይሆናል።"

እንደ እኔ ያለውን ምላስ የፈጠረ አምላክ ምን ይሰማው ይሆን?

ቅዳሜ

ጋሽ ዘለቀ ቤት ሄጄ ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣

"መጽሐፉ ውስጥ ታረቁ?"

"አልታረቁም ጋሼ። መንኮራኩሩ ፈነዳ።"

"ያን ያህል ለፍተን ያስታረቅነውን ሰውዬ፣ አንተ አፈነዳኸው?"

"አርታኢዋ ፍንዳታ ፈልጋ ነው።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። "ለእኔ መናገርህ ደግ ነው" አሉ። "ግን ስሜን ያጣሁት እዚህ ሳሎን ውስጥ አይደለም። እዚያው ሄደህ ፈልግልኝ።"

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እነ እትዬ ቤት ሄድኩ። ሊዲያ አልነበረችም፣ ተመስገን። ሁሉንም አፈረጥኩት። ጋሽ ሞላ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

"ቆይ" አሉ እትዬ። "ሊዲያ እንዳነበበችልኝ መጽሐፉ፣ ሴትዮዋ ስታውቅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች ይላል አይደል? እኔ መቼ ነው ያለቀስኩት?"

"አላለቀሱም፣ እትዬ።"

"ምጣድ አልወረወርኩም?"

"ወርውረዋል።"

"ታዲያ ገመናዬን ካወጣህ አይቀር፣ አልቃሻ አድርገህ ታወጣኛለህ?"

እትዬ እዚያው ፊቴ ስልክ አንስተው ጋሽ ዘለቀ ጋ ደወሉ። "ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ፣ ይማሩኝ። ሌባው እዚህ ተቀምጧል።" ፓርክዴል ላሉትም ራሳቸው እንደሚደውሉ ቃል ገቡ። ጋሽ ዘለቀ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እትዬ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይህንን ለማንም አልናገርም።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብተው ያንን ወጣቸውን በአንድ ትሪ ለእኔ ብቻ አቀረቡ። ፊት ለፊቴ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

"ብላ።"

በላሁ። ጋሽ ሞላ አዘኔታ በሞላው ዓይን አዩኝ።

"እንዴት ነው?"

"እጅ ይባርክ" አልኩ። ጨመሩልኝ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት እስካሁን አልገባኝም። ስለ ጣዕሙ ግን እዚህ እንኳ አልጽፍም።