እናትሽ ያልሰጠችሽ ስም

ውድ ዙልማ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንዳለሽ አውቃለሁና። ተቆጥተሻል። በደወልኩ ቁጥር ያ ረጅም አፍንጫሽ ወደ ላይ ሲሰቀል ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። በአንቺ ፈንታ አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት "የደወሉላቸው ደንበኛ" እያለች ታናግረኛለች። ብዙ ከመነጋገራችን የተነሣ ላገባት ትንሽ ነው የቀረኝ። እሷ ግን ያልኳትን አታደርስልኝምና ብዕር አነሣሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥኩ ታውቂያለሽ፤ ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶንና ከጀልባ ጎን ላይ ነው። ስሕተት ካገኘሽ በሳሙናው ፍረጂ።

እናትሽን ቀብረናታል። ወሬው ከጎረቤት እንደደረሰሽ፣ ደርሶሽም እንዳልመጣሽ አውቃለሁ። "ስም እንኳ የነፈገችኝን ሴት ልቀብር አልመጣም" ብለሻል አሉ። አልወቅስሽም። የምጽፍልሽ ግን ስለዚያው ስም ነው። እናትሽ ስሙ ነበራት።

መጨረሻ የመጣሽው ወንዙ ሞልቶ መንገዱን በዋጠበት ሰሞን ነበር። ከጀልባ ስትወርጂ ባለ ተረከዝ ጫማሽ ጭቃው ውስጥ ተሰክቶ ቀረና አንድ እግርሽን ሰቅለሽ ቆምሽ።

"እዩልኝ፣ ከሮሳሪዮ ከተማ ድረስ ሽመላ መጣችልን!" ብዬ ጮኽኩ።

"አጎቴ፣ ዝም ብለህ እጅህን ስጠኝ!"

"እጄንስ እሰጥሻለሁ፤ ጫማሽን ግን ወንዙ ወዶታል።"

ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ ስትስቂ አላየሁሽም።

እናትሽ ካሳቫ እየላጠች ነበር። ቀና ብላ ከጸጉርሽ እስከ ጭቃሽ አየችሽና "ከስተሻል" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን በሆዴ ደስ አለኝ፤ እናትሽ "ከስተሻል" ያለችው ሰው ሳይጠግብ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

አንቺ ግን ለመብል አልነበረም የመጣሽው። መዝገብ ቤት ገብተሽ በሴት ስም አዲሱን መታወቂያሽን ልታወጪ ነበር። ሮሳሪዮ አብረውሽ የሚኖሩት ሴቶች ደግሞ ደንብ አውጥተዋል፤ አንዷ ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዷ በፊት እናቷን ትጠይቃለች። እናት የሰጠችው ስም ይበልጣል ተባብላችኋል። ጥሩ ደንብ ነው። እኔ ብሆንም እንደዚያው አደርግ ነበር።

"እማ፣ ስወለድ 'ሴት ናት' ብለውሽ ቢሆን ኖሮ ማን ትይኝ ነበር?"

"ሳይበርድ ብሉ።"

"ጠይቄሻለሁ እኮ።"

"ጨው አንሶታል መሰለኝ። ክሪስፒን፣ ጨው አቀብለኝ።"

"የካሮላ እናት ነግራታለች። የማሪሶል እናት እንኳ፣ ደጄን እንዳትረግጪ ያለቻት፣ በጎረቤት በኩል ስድብ ልካ ስድቡ መጨረሻ ላይ ስሙን ጨምራላታለች። እኔ የለመንኩሽ አንድ ቃል ነው።"

"የለኝም።"

"እንዴት የለሽም? ያን ሁሉ ወር በሆድሽ ስትሸከሚኝ አንድም ቀን የሴት ስም አላሰብሽም?"

"የለኝም አልኩ!"

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። እኔም የለመድኩትን አደረግኩ። "እኔ አለኝ! ፔትሮኒላ! የአያታችን በቅሎ ነበረች፤ እግረ ረጅም፣ ልክ እንደ አንቺ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንቺ ተነሣሽ። ሳህንሽ እንደተሞላ ቀረ። "እሺ እማ፣ ራሴ እፈልጋለሁ" ብለሽ አንድ ጫማሽን ተጫምተሽ፣ አንዱን አንጠልጥለሽ ወጣሽ። ሮሳሪዮ በገባሽበት ሰሞን አልጋዋን ያካፈለችሽን ሴት ስም መውሰድሽን በኋላ ሰማሁ። ዙልማ። መልካም ስም ነው፤ ሰው ካስጠጋ ሰው የተወሰደ ስም ነውር የለበትም።

አሁን ስሚኝ።

እናትሽ አንቺን ባረገዘች ጊዜ አዋላጇ ሆዷን ዳበሰችና "ሴት ናት፤ ካልሆነች እጄን ቁረጡት" አለች። እናትሽ ያንኑ ቀን ስም አወጣች። ዴልፊና። በቀይ ክር ትንሽ ትራስ ላይ ጠለፈችው። አንቺ ስትመጪ አዋላጇ አየችሽና "ወንድ ነው" ብላ አንገቷን ደፋች፤ እኔም መጥረቢያ ይዤ "የታለች ያቺ እጅ?" እያልኩ ቤቱን ዙሪያውን አባረርኳት። እንግዲህ ያች ሴት መጀመሪያም አልተሳሳተችም ነበር፤ በከንቱ ነው ያስሮጥኳት። እናትሽ በሳቅ ሞተች። ትራሱን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችና "ለሚቀጥለው ይሁን" አለች።

የሚቀጥለውም መጣ። እህት ነበረችሽ፣ ዙልማ። አንቺ ገና ግድግዳ ይዘሽ መሄድ የምትማሪበት ጊዜ ነው። ስሙንም ትራሱንም እሷ ወሰደችው። የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ ሳል ያዛት፤ ወደ ሐኪም ስንወስዳት ጀልባው ወንዙን ሳያጋምስ በእናትሽ እቅፍ ውስጥ አለፈች።

ሕፃን ሲሞትብን የምናደርገውን አይተሻል። ሞተ አንልም፤ መልአክ ሆነ ነው የምንለው። ነጭ አልብሰን፣ የወረቀት ክንፍ ሰክተን፣ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠውና ሙዚቃ እንመታለን። እናት አታለቅስም፤ እንባዋ ክንፉን አርሶ መብረር ይከለክለዋል። ለእኔ አኮርዲዮን አሸከሙኝና "እህትህን አሥቃት" አሉኝ። አሣቅኳት። የማውቀውን ቀልድ ሁሉ አሟጠጥኩ። ከንፈሯ ይስቃል፤ እጇ ግን ከጠረጴዛው ሥር የቀሚሷን ጠርዝ ይተረትር ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ልጅ ላልቀበረች ሴት አይነገርምና አልሰማሽው ይሆናል። እናት የመልአኩን ስም ዳግመኛ አትጠራም። ከጠራችው ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ ዞሮ ካየ መንገዱ ይጠፋዋል። የአሮጊት ወሬ ነው ትያለሽ። እኔም እላለሁ። እናትሽ ግን ያን ቀን አፏን ዘጋች። ትራሱ አብሮ ተቀበረ። ፎቶግራፍ የለ፤ መቃብሯም ላይ ስም አልጻፍንም። ቤት ውስጥ ያለፈችበት ምልክት ስላልቀረ አንቺ ብቸኛ ልጅ ሆነሽ አደግሽ።

የሄድሽ ዕለት ጀልባሽ ከወንዙ መታጠፊያ ሳይሰወር እናትሽ ላይ ጮኽኩባት። "ይሄን የድንጋይ ልብ ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ምን ልበላት? የጠየቅሽኝ ስም መሬት ውስጥ ነው ልበላት?"

"አዎ! እንደዚያው በያት!"

"ማን የሚባል ስም ነው ስትለኝስ? እሺ፣ ነገርኳት እንበል። ወስዳ መታወቂያዋ ላይ ታስጽፈዋለች፤ ከዚያ ሮሳሪዮ ሙሉ ይጠራዋል። በየገበያው፣ በየመንገዱ 'ዴ...'" አለችና አፏን በመዳፏ ያዘች። "የኔ ሕፃን ስንቴ ዞራ ትመልከት?"

ባርኔጣዬን አውልቄ መሬት መሬቱን ማየት ያዝኩ። እኔ! ከቄስ የማያንስ ምላስ ያለኝ ሰውዬ! "ሆድ ይፍጀው፤ አንተም ትንፍሽ እንዳትል" አለችኝ። ከዚያ ካሳቫሽን ከሳህኑ ገልብጣ ለዶሮ ሰጠችና በባዶው ሳህን ፊት ተቀመጠች።

ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ ወደቀች። አልጋ ላይ ሆና ስለ አንቺ አትጠይቀኝም፤ በደወልኩ ቁጥር ግን ጆሮዋ ወደ እኔ ይዞራል። "አላነሣችም" ስላት "ሥራ ላይ ትሆናለች" ትላለች፤ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ ላፈላ ውኃ ጥጄ ሳለ ድንገት "ዴልፊና!" ብላ ተጣራች።

የፈላውን ውኃ እግሬ ላይ ደፋሁት። የሕመምተኛ ድምፅ አልነበረም። ጓሮ ያለች ትልቅ ልጇን የምትጠራ ጤነኛ ሴት ድምፅ ነበር።

"ዴልፊና! ዝናብ መጣ እኮ፤ ልብሱን አስገቢ!"

ወጥቼ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ገመዱ ላይም ልብስ የለም። ተመልሼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩና "አቤት እታለም፣ አስገባሁት" አልኳት።

ዓይኗን ገልጣ አተኩራ አየችኝ። "አንተን አይደለም" አለች።

ከዚያ በሩን እያየች ጠበቀች።

ከቀብሩ ወዲህ ሌላ ነገር አላስብም። ገና መዳህ ያልጀመረች ሕፃን ልብስ አታስገባም፤ ስለዚህ የጠራችው አንቺን ነው እላለሁ። ደግሞ ቆይቼ፣ ምናልባት በልቧ ውስጥ ያች ትንሿ ስታድግ ኖራ ትልቅ ሴት ሆና ይሆናል እላለሁ። የትኛችሁን እንደሆነ አላውቅም። ያለጥርጥር አንቺን ነው ብልሽ ምንኛ ደስ ባለኝ! በዕድሜዬ ለትንሽ ለትልቁ ስዋሽ ኖሬያለሁ፤ ይህ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። አንቺን ከሆነ አልነበርሽም። ትንሿን ከሆነ፣ እንደ እምነታቸው፣ ይኸኔ ዞራ አይታ መንገድ ጠፍቷታል። በየትኛውም በኩል ባስበው አንዷ የእህቴ ልጅ ውጭ ትቀርብኛለች።

ስሙን ውሰጂው አልልሽም። ተዪውም አልልሽም። እኔ የማውቅሽ በዙልማ ነው፤ ፖስታው ላይም እሱን ጽፌያለሁ። ነይም አልልሽም፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም፤ እኔም ቀልዴ አልቋል። ያየሁትን ያየሁ ብቸኛ ሰው ስለሆንኩና አብሮኝ እንዳይቀበር ስለፈራሁ ነው የጻፍኩልሽ።

እስኪመሽ ድረስ እየደጋገመች ተጣራች፤ በየጊዜው ድምፅዋ ዝቅ እያለ። ተቆጥታ እንኳ አልነበረም። ልጇ ራቅ ብላ ሄዳ ያልሰማቻት ነበር የመሰላት።

ደህና ሁኚ፣ ዙልማ።

አጎትሽ ክሪስፒን