ከካሜራው ኋላ የቀረው ድምፅ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ታናናሾቻቸው «እትዬ» የሚሏቸው፣ ጎረቤትም ከእነሱ ሰምቶ በዚሁ የጠራቸው እናት፣ ከድንጋይ ጠራቢው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩ። ቤቱ ከባቡር ሐዲድ ዳር ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው በመደርደሪያው ላይ ይንጫጫል፤ ታናናሾቹ ሲደነግጡ እትዬ ብርጭቆዎቹን በመዳፋቸው አቅፈው ዝም ያሰኟቸው ነበር።

ትምህርታቸውን ጨርሰው የጽሕፈት መኪና ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. በአንድ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያው አልተነቃነቁም። አለቃቸው «እኔ አስቤ ሳልጨርስ እሷ ጽፋ ትጨርሳለች፤ ሐሳቤን የምሰማው ከእሷ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከመብራት ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በትርፍ ሰዓታቸው ካሜራ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ልደት ሲሆን ከካሜራው ኋላ፣ ሽርሽር ሲሆን ከካሜራው ኋላ ናቸው። እትዬ «አንተ ሰው፣ ልጆቹ ነገ አባት አልነበረንም ሊሉ ነው» ቢሏቸው፣ «ታዲያ እናንተን ማን ይያችሁ?» ይላሉ። ቀልድ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ምሰሶ ላይ እንደወጡ በደረሰባቸው የሥራ አደጋ ሲያርፉ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ሴቷ ልጃቸው ገና በዳዴ ላይ ነበረች። አባቷ በአንዱም ካሴት ላይ አይታዩም፤ የቀረው ድምፃቸው ነው፤ እሱም በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ቁምሣጥን ላይ።

እትዬ ያንን ካርቶን ለዓመታት አልነኩትም። ልጅቷ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀች ሰሞን ግን «እማዬ፣ የአባዬ ድምፅ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልመጣላቸውም። እሳቸውም ረስተውታል። ፍርሃት ወደ ቤታቸው የገባው ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ ካርቶኑን ታቅፈው፣ ሰርግ ሲቀርጽ ዕድሜውን ጨርሶ ራሱ ስላላገባ ሰፈሩ «ሙሽራው» ወደሚለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት ሄዱ። «እናቴ፣ ይተዉልኝና እኔ ላቀናብረው» ቢላቸው፣ «አይሆንም፤ የቤቴን ነገር በሰው እጅ አላስቆርጥም። ይልቅ አስተምረኝ» አሉት።

የመጀመሪያው ትምህርት አለመቁረጥ ነበር፤ አስቀድሞ ሁሉንም ማየት። ቀጥሎ፣ ሰው ተናግሮ እንደጨረሰ ምስሉን ቶሎ አለመዝጋት፣ ትንፋሽ መተው። ከዚያ የአንዱን ምስል ድምፅ ወደሚቀጥለው ምስል ማሻገር። ሁለት የእርምጃ ምስሎች ሲጋጠሙ ደግሞ እግርና እጅ ካቆሙበት መቀጠል አለባቸው፤ አለበለዚያ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቀው ይረበሻል።

ሥራው ሲጋመስ በቪዲዮ ቤቱ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ቦታ ሞላ። እትዬ ቅንብሩ ካለልኝ ጥሬው ምን ያደርግልኛል ብለው ከካሴቶቹ ወደ ኮምፒውተሩ የተገለበጠውን ምስል በሙሉ አጠፉት። ቅንብሩን ሲከፍቱት ምስል በነበረበት ሁሉ ቀይ ሆኖ ጠበቃቸው። ሙሽራው መጥቶ አየና ወንበር ሳበ። «እናቴ፣ ይሄ ፋይል እኮ የት እንደሚቆረጥ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰዎቹ ያሉት ባጠፉት ውስጥ ነበር።» እትዬ «በል ካርቶኑን ከመደርደሪያህ አውርድልኝ» ብቻ አሉ።

ካሴቶቹ እንደገና አንድ በአንድ መጫወት ነበረባቸው፤ አርጅተዋል። ባለቤታቸው ለወንዱ ልጃቸው ተረት የሚያወሩበትን ካሴት ማጫወቻው ዋጠው፤ ክሩ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ። በሌሎቹ ላይ ድምፃቸውን ነፋስና የሰው ጫጫታ በልቶታል። ጥርት ብሎ የተረፈው አንድ ቦታ ነው፤ እትዬ ከወንዱ ልጃቸው ጋር በዛፎች ጥላ ሥር ሲሄዱ፣ ባለቤታቸው ከኋላ «ቀስ በሉ እንጂ! እኔም እየመጣሁ ነው» ይላሉ።

ይህን እርምጃ፣ በምረቃው ዕለት ከሴቷ ልጃቸው ጋር ከሄዱበት እርምጃ ጋር ሊያጋጥሙት ፈለጉ። እምቢ አለ። ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። እግሩ ይገጥማል፤ እጁ አይገጥምም። በቀድሞው ምስል ሁለቱም ክንዶቻቸው ይወዛወዛሉ። በአሁኑ ግራ ክንዳቸው የሌላ ሰው ይመስል ከጎናቸው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ወንዱ ልጃቸው በቅርብ ዓመታት የቀረጻቸውን ሌሎች ምስሎች ከፈቱ፤ በሁሉም ላይ ያ ክንድ ዝም ብሏል። ያኔ ምንም ሕመም አይሰማቸውም ነበር። ኋላ እንደተናገሩት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ጸሎታቸውን አደረሱና ለማንም ሳይነግሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐኪም አካልን ቀስ በቀስ የሚያስር የነርቭ ሕመም መሆኑን የነገራቸው ከዓመት በኋላ ነው። በእሳቸው ላይ ፈጠነ። ጣቶቻቸው እምቢ ሲሉ ወንዱ ልጃቸው በቁልፎቹ ላይ ተተካ። እህቱ አንድ ጊዜ እንኳ ላድምጠው ብትል «የተቆራረጠ አባት አልሰጣትም፤ ሲያልቅ» አሉ። ፊልሙ ሳያልቅ የራሳቸው ድምፅ ቀድሞ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ዓይን መክደን «ቁረጠው» ማለት ሆነ። ልጁ ወደዚያ እርምጃ ሲደርስ «እማዬ፣ ይሄ ክንድሽ ያስፈራል፤ እናውጣው?» አላቸው። እትዬ ዓይናቸውን አልከደኑም። እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ከፍተው ያዙት።

ፊልሙ በዚህ ዓመት መጀመሪያ አለቀ። ሴቷ ልጃቸው ከአልጋቸው ግርጌ ተቀምጣ አየችው። ምስሉ ወደ ምረቃዋ ዕለት ተሻግሮ ራሷን ከእናቷ ጋር ስትሄድ ስታይ፣ የቀድሞው ድምፅ አብሮ ተሻገረ፦ «ቀስ በሉ እንጂ! እኔም እየመጣሁ ነው።» ልጅቷ ከወንበሯ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች።

እትዬ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሁለቱ ልጆቻቸው መካከል አረፉ። ልጆቻቸውንና እትዬ ብለው ያልጠገቧቸውን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ይህን ቀን የሚሻገሩበትን ብርታት አይንፈጋቸው። አሜን።