ሁለት ጊዜ የተሰበረ በትር

ለእህቴ፤ በርበራ።

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጅሽ መራመድ ጀመረ ወይ? የበርበራ ሙቀት ዘንድሮ ባሰበት ይላሉ፤ ልጁን ከቀትር ፀሐይ ጠብቂው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡርዖ ዘንቧል፤ ግመሎቹ ጠግበዋል። አክስታችን ኤብላ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

በወረቀት መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በእኛ ቤት መልእክት የሚሄደው በድምፅ ነው፤ ድሮ በካሴት፣ ዛሬ በስልክ። እኔ ግን ድምፄን እንድትሰሚው አልፈለግኩም። ደግሞ በድምፅ ቢሆን መሐል ላይ አልቅሼ አቆመዋለሁ፤ ወረቀት ያን ያህል አያሳፍርም።

በግመል ነጋዴው በኩል ለኤብላ የላክሽው ቃል ደርሷል። «ሌላ ውርስ አልፈልግም፤ የአባቴን ታብሌት ብቻ ላኩልኝ፣ ድምፁን ልስማበት» ብለሻል። ወንድማችን ዋርሳሜም መልሶልሻል፤ «መክፈቻው ጠፍቶን ፎርማት ተደረገ፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ ሄደ» ብሎ። ዋርሳሜ አልዋሸሽም። ያኔ የሚያውቀውን ነው የነገረሽ። ያኔ ያላወቀውን እኔ ልንገርሽ።

ዋርሳሜ ታብሌቱን ለአባታችን ያመጣለት ቁርዓንና የግመል ግጥም እንዲሰማበት ነበር። አባታችን ቁጥር አይሆንለትም ብሎ፣ ዘጠኝ ነጥቦች ላይ በጣት የሚሰመር መክፈቻ አበጀለት። ግመሎቻችን ላይ በብረት የምንተኩሰውን የቤታችንን ምልክት፤ ከላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን። ሽማግሌው ሲስቅ አይተሽው በሆነ! «ይህንንም ተኮስኩት በላ!» አለ። ያንቺ ልጅ መወለዱ ከተሰማ ወዲህ ግን ዕቃውን ለማንም አያስነካም። አርብ አርብ ዋርሳሜ ደግፎ ከጁምዓ ሲመልሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ያወራበታል። ኤብላ በመስኮት አይታው «ወንድሜ ከመስታወት ጋር ሐሜት ጀመረ» እያለች ታሾፍ ነበር።

ከቀበርነው በአራተኛው ቀን ዋርሳሜ ታብሌቱን አውጥቶ ምልክታችንን አሰመረ። እምቢ አለ። ደግሞ አሰመረ። እምቢ። «ቀይሮታል!» ብሎ ጮኸ። ኤብላ ግቢው አሸዋ ላይ ተቀምጣ በበትሯ የዘመድ ምልክት ሁሉ ሣለችለት፤ የእናታችንን ቤት፣ የአያታችንን፣ የዚያኛውን አጎት። ሁሉንም ሞከረ። ዕቃው በየመሐሉ «ቆይተህ ሞክር» እያለ ያስጠብቀዋል። በመጨረሻ ዋርሳሜ ሰልችቶት፣ «እንግዲህ የቀረው የነዚያ ነው» አለ።

የባልሽን ቤት ምልክት ማለቱ ነው፤ ሁለት ጊዜ የተሰበረውን በትር። ኤብላ አሸዋውን በእጇ ጠርጋ ተነሳች። «አፍህን ያዝ! የእኔንና የአባትህን ወንድም ውሃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ የገደሉ ሰዎች ምልክት በሟች ዕቃ ላይ? ከመቃብር ተነስቶ በጥፊ ይልሃል!» አለችው። ዋርሳሜም አፈረ። የደም ባለጋራን ምልክት በሟች ንብረት ላይ ማድረግ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አንቺ ያን ቤት ስታገቢ አባታችን በሽማግሎች ፊት የማለውንም ታውቂያለሽ፤ «እሷ ራሷ ካልደወለችልኝ ስሟን አልጠራም።» ስለዚህ ማንም አልሞከረውም።

እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ይሄድ ነበር። ወደ ቀኝ፣ ተንሸራቶ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። መንቀጥቀጥ መስሎኝ እጁን እይዝለት ነበር። ሁሉም ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲወጡ ታብሌቱን ጓዳ ይዤ ገባሁና በዚያው መንገድ ጣቴን አስኬድኩ።

ተከፈተ።

ሠላሳ አንድ ቅጂ ነበረበት እህቴ። ለእያንዳንዱ አርብ አንድ። «ይህ ቃል ከአባትሽ ወደ አንቺ ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ልክ እንደ ድሮው ካሴት። «ስምሽን አልጠራም፣ ምያለሁ፤ አንቺ ግን ማን እንደሆንሽ ታውቂያለሽ» ይላል። ዝናቡን ይነግርሻል፤ የትኛዋ ግመል እንደወለደች ይነግርሻል። ልጁ አፍንጫው የማን እንደሆነ ይጠይቅሻል፤ «የእኔን ከሆነ የወጣው አዝንለታለሁ» ብሎ ይስቃል። ሳሉ ያቋርጠዋል። ውሃ ሲጠጣ ሁሉ ይሰማል። ያን ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

የእኔስ ነገር ይነሳ ይሆን ብዬ እየጠበቅኩ ሰማሁ። ስድስት ዓመት ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሊያገባኝ የመጣውን ሰው «አባቴን ለማን ልተወው» ብዬ ከደጃፍ የመለስኩት እኔ ነኝ። አንቺ በገዛ እግርሽ ሄድሽ፤ እኔ ቀረሁ። እና ሠላሳ አንዱም ቃል ላንቺ! ቀናሁብሽ። ለምን እደብቅሻለሁ።

በመጨረሻ የእኔም ነገር ተነሳ። «ዛሬም እህትሽን ‹ደወለች ወይ?› አልኳት። ‹አልደወለችም› አለችኝ። እህትሽ ውሸት አታውቅም። እንግዲህ ልብሽ እንደ እኔ ልብ ጠንክሯል ማለት ነው፤ ቢሆንም አልቀየምሽም» ይላል። ቀጥዬ ሌላውን ከፈትኩ፤ እዚያም ይህንኑ። ሌላውንም። በሁሉም ይጠይቀኛል፤ በሁሉም ያው ነው መልሴ።

የቤቱ ስልክ በማን እጅ እንደነበር ላስታውስሽ አልችልም፤ እጄ አልጻፍ ይለኛል። አርብ አርብ ስትደውዪ ምን ተብሎ እንደተመለሰልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

በማግስቱ ታብሌቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ስልክ ጠጋኙ ሂርሲ ዘንድ ወሰድኩት። ሂርሲ አገላብጦ አየውና «ፎርማት ማድረጉ ቀላል ነው፤ ግን ድምፅ ቢኖርበትስ? ትንሽ ሞክሩ እንጂ፤ ሽማግሌ የሚያወጣው መክፈቻ ከቤቱ አይርቅም» አለኝ። «የማናውቀው ምልክት የለም፤ ሁሉንም ሞክረናል» አልኩት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። «አንቺ ካልሽ» አለና ጫን ጫን አደረገው። ጥቂት ቆይቶ መስታወቱ ነጭ ሆነና፣ ትናንት እንደተገዛ ዕቃ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሂርሲ የአባቴ ሐዘን መስሎት «አይዞሽ፣ የአላህ ፈቃድ ነው» ብሎ ሻሂ አዘዘልኝ። ጠጣሁት።

ቀንቼ ነው ያጠፋሁት ብልሽ ግማሹን ነው የነገርኩሽ።

ዝም ብዬ ልኖር ነበር። ያላስቻለኝ የመጨረሻው ቅጂ ነው። ድምፁ አልቆ፣ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። «ስትወለጂ የሰጠሁሽ ግመል ከነግልገሏ ወደ ቤትሽ ትሂድ። ሰው ቤት የእኔን ምልክት ይዛ እንግዳ አትሁን፤ ግልገሏን በባልሽ ቤት ምልክት ተኩሷት» ይላል። ባለፈው ሳምንት ዋርሳሜ ግልገሎቹን ሊተኩስ እሳት አነደደ። ያንቺዋን ግልገል አስረው ጣሏት። የእኛ ብረት ቀልቶ ሲወጣ አላስቻለኝም። «ተው! በነሱ ምልክት ነው ያለው!» አልኩ።

ዋርሳሜ ብረቱን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። «ማን ነው ያለው? መቼ? የት ሰማሽ?» አለኝ። ታብሌቱን ከፍቼ እንደሰማሁት ከፊቴ አነበቡ። ዋርሳሜ ብረቱን አሸዋ ውስጥ ሰክቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ ውሃ አይቀበልም። አንጥረኛው ዘንድ ሄዶ ግን የተሰበረውን በትር መተኮሻ ብረት አስቀጥቅጦ መጣ፤ ግልገሏንም ራሱ ተኮሳት። እያለቀሰ ነበር አሉ፤ እኔን አላስጠጋኝም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ነጋዴ ግመልሽን ከነግልገሏ ያስረክብሻል። ታብሌቱንም ይሰጥሻል። መክፈቻውን በዚያው ምልክት አድርጌዋለሁ፤ ውስጡ ምንም የለም። ከሠላሳ አንዱ የማስታውሰውን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ ሰባት ገጽ ሆነ። ቃሉ የሱ ነው፤ አንድም የጨመርኩበት የለም። ድምፁን ግን ከየት አባቴ ላምጣልሽ?

አላህ ይቅር ይበለኝ ብዬ ለመንኩ፤ ሼኹ ግን የሰው ሐቅ የነካ ይቅርታ የሚጠይቀው መጀመሪያ ከባለቤቱ ነው አሉኝ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ጓዳሽ ወተት አይጣ፤ ልጅሽ አንቺን ቀባሪ ይሁን፤ ባልሽን አላህ በሰላም ያኑርልሽ። አባታችን የሰጠሽን ምርቃት አላህ በሙሉ ያድርስልሽ፤ እኔ ብሸርፈውም እሱ ሙሉውን ነው የሰጠሽ።

ስልኩ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አርብ ሲመጣ እንዳይጮህ ስጸልይ ነበር። አሁን አርብ ከጁምዓ በኋላ ጭኔ ላይ አስቀምጬው እውላለሁ፤ አይጮህም።

ታላቅ እህትሽ
ከቡርዖ